ያሰረ ይሳፈር

«አዎ ካፒቴን፣ ጅራቷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የምሳፈረውም እኔው ነኝ» አለ ወንድሟ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ድምፁን እንዲሸፍንለት የቧንቧውን ውሃ ለቆ። መርፌ የሚሏት እህቱ የፈላውን የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሰው ስልክ ሲያወራ ጆሮዋን ጣል የማድረግ ልማድ የላትም፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው፣ በሩንም ከታች በኩል ውሃ በልቶታል፤ ደግሞ ወንድሟ ሲዋሽ ድምፁ ከፍ ይላል። ይህ ሰው የሱሪው ቁልፍ ሲበጠስ እናቱ እስክትሰፋለት ድረስ ሳምንቱን ሙሉ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ የሚዞር ሰው ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቅቶት ሲራገም ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። አሁን የአውሮፕላን ጅራት ሰፋሁ ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው፤ ለመርፌ ግን በዚያች ደቂቃ ተረቱ አልመጣላትም። የመጣላት ማንቆርቆሪያውን በሩ ላይ መወርወር ነው። አልወረወረችም፤ ሻዩ የእናቷም ነው።

መርፌ ያላት አባቷ ነው። በልጅነቷ ቀጫጫ ስለነበረች ለቀልድ ያወጣላት ስም ነበር፤ ኋላ እጇ መርፌ ሲለምድ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ጅራት የተባለው ደግሞ የአክስት ጅራት ነው። አክስት ሁለት ሰው ፊትና ኋላ የምታስቀምጥ፣ ክንፏና ጅራቷ በጨርቅ የተሸፈነ፣ በዕድሜ እናታቸውን የምትበልጥ የጦር ማሠልጠኛ አውሮፕላን ናት። አባታቸው ወታደር ሳለ መካኒኳ ነበር። ጦሩ ሲሰለቻት ጡረታ የወጡ አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው ገዟት፤ አባታቸውም እንደ መለዋወጫ ዕቃ አብሯት ሄደ። አምሽቶ ሲገባ ሚስቱ «የት ነበርክ?» ስትለው «የልጆቹ አክስት ጋ» ይላት ነበር፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። እናታቸው በዚህ ቀልድ አንድም ቀን ስቃ አታውቅም። አክስት ብላትም አታውቅም፤ «ጣውንቴ» ነው የምትላት።

አባታቸው ሃንጋሩ ውስጥ ያስከበረው ሕግ አንድ ነው፤ ያሰረ ይሳፈር። ብሎን ያሰረ፣ ገመድ ያሰረ፣ ክር የቋጠረ፣ ሥራው በሚሞከርበት ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። «የሚሳፈር ሰው እጁ አይቸኩልም» ይል ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ሞተሩን ወንድሟ፣ ጨርቁን እሷ ይዘዋል፤ የእሷ ሥራ እስካሁን ጥቃቅን ጥጋን ስለነበረ ግን የመሳፈሩ ተራ ሁሌ የወንድሟ ነበር። ዘንድሮ የጅራቱ ጨርቅ አርጅቶ መተርተር ሲጀምር ሙሉውን ገፍፋ አዲስ ያለበሰችው እሷ ናት። ዛሬ ደግሞ የአክስትን የመብረሪያ ፈቃድ የሚያድሰው ተቆጣጣሪ ይመጣል። ካላደሰው ማኅበሩ አውሮፕላኗን አዲስ ለተሠራ የገበያ ሕንጻ ሊሰጣት፣ እነሱም ለጌጥ አደባባይ ላይ በምሰሶ ሊሰቅሏት ተስማምተዋል። እንግዲህ ዛሬ አክስት ወይ ትበራለች ወይ ትሰቀላለች። ከበረረች ከኋላ የምትቀመጠው መርፌ ናት። አባቷ ጎን ቆማ ክር በሰም ማሸት ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ የጠበቀችው ወንበር ነው።

ለቁርስ ሦስቱም ተቀመጡ። የጠረጴዛው አንድ እግር ስለሚያነክስ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ገብቶበታል፤ አባታቸው «ነገ እሠራዋለሁ» ብሎ ያስገባው ነው፣ ማንም አልነካውም። እናታቸው ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ለወንድሟ ሰጠችው። የዳቦው ዋጋ ባለበት ቢሆንም መጠኑ እያነሰ ሄዷል፤ እናትየው ስለዚያ ትንሽ አወራች። ወንድሟ ስኳር ሊያቀብላት እጁን ሲዘረጋ የጥፍር ቀለም የመሰለ ነገር ሸተታት። ሞተር የሚፈታታ ሰው ነዳጅና ግራሶ ይሸታል እንጂ ምን ከጥፍር ቀለም አገናኘው ብላ ገረማትና ተወችው።

«ብላ እንጂ ልጄ» አለችው እናቱ። «ባዶ ሆድህን ልትወጣ ነው እዚያ ሰማይ ላይ?»

መርፌ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ነገሩ ገባት። ውሸቱ የወንድሟ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ እሷ በሌለችበት የበሰለ ነው። ድሮ አባታቸው ያሰረውን ሊሞክር ተሳፍሮ ሞተሩ አየር ላይ ጠፍቶ፣ ከካፒቴኑ ጋር ሰው እርሻ ውስጥ አርፈው ነበር። አባታቸው ትከሻው ተሰብሮ እየሳቀ ቤቱ ገባ። እናታቸው ግን ሞተ ብለው ነግረዋት ስታለቅስ ነው የዋለችው። «ባሌን አበድሬያታለሁ፣ ሴት ልጄን ግን አልሰጣትም» ማለት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ወንድ ልጇን ስትሰጥ ሳይከብዳት ቀርቶ አይደለም፤ ሁለቱንም ማስቀረት እንደማትችል ስላወቀች አንዷን ይዛ ነው። እናቷና ወንድሟ የየብርጭቋቸውን ሥር አዩ። ሦስቱም ያውቃሉ፣ ሦስቱም ሌሎቹ ማወቃቸውን ያውቃሉ፤ በዚህ ቤት ግን ጮክ ተብሎ የሚወራው ስለ ዳቦ ብቻ ነው። መርፌ ሆድ ይፍጀው ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ረዳቱ ዋጋ ጨምሯል ሲል ወንድሟ ሳይከራከር የሁለቱንም ከፈለ፤ እሱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ራሱ ጥፋተኝነቱን ያመነበት ቃል ነው። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ተጨናንቆ ቆሙ። ምሰሶው ቆሟል። ሲሚንቶው ከደረቀ ሰንብቷል፤ አናቱ ላይ አራት ወፋፍራም ብሎኖች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ወጥተዋል፣ በዙሪያውም ገና ያልያዘ ሣር ተተክሏል። ሣሩን ውሃ የሚያጠጣው ሰው ምሰሶው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። ሰው ለቀብር ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ከሞተ በኋላ ነው፤ ለአክስት ግን በቁሟ አስቆፍረውላታል። መርፌ አራቱንም ብሎኖች ቆጠረቻቸው። የያዛት ንዴት ነው፤ ወንድሟን ለቅሶ እንዳይመስለው ፊቷን አዞረችበት።

ሃንጋሩ የቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት ያቆራምዳል፣ ከሰዓት ያቃጥላል። ግድግዳው ላይ የአባታቸው መፍቻዎች በየቅርጻቸው በተሳለላቸው ጥላ ላይ ተሰቅለዋል፤ አንድ መፍቻ ከጠፋ ባዶ ጥላው ይመሰክራል። አክስት መሃል ላይ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ቆማለች፣ አልሞት ባይ ተጋዳይ። ወንድሟ ከሥሯ ገብቶ ዘይት የሚንጠባጠብበትን ያይ ጀመር፤ መርፌ ወደ ጅራቷ ሄደች። ጨርቁ ከሥሩ ካሉት ቀጫጭን ጎድኖች ጋር የሚያያዘው በሰም በታሸ ሲባጎ ነው፤ በየጎድኑ ላይ ቋጠሮ በቋጠሮ ይታሰራል፣ በቋጠሮዎቹ ላይ የጨርቅ ጥብጣብ ይለጠፋል፣ በዚያ ላይ ጨርቁን የሚወጥረው፣ ሲቀባ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸተው ቀለም ይቀባል። ከዚያ በኋላ ዓይን የሚያየው ነገር የለም፤ ቋጠሮውን የሚያውቀው ጣት ነው። አባቷ ዓይኗን አስጨፍኖ ነው ያስተማራት። እሷም ዓይኗን ጨፍና ከላይኛው ጎድን ጀምራ ወረደች። ሁሉም እንዳስቀመጠቻቸው ናቸው፤ ትንንሽ፣ ደረቅ፣ እኩል። የመጨረሻው ጎድን፣ የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ትልቅ ነው። ሲጫኑት ይሰምጣል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ የጥፍር ቀለም። እሷ የቀባችው ቀለም ሽታው ከጠፋ ቆይቷል። በአውራ ጣቷ ጥፍር ጥብጣቡን ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ ጆሮው ሁለት የሆነ፣ ያማረ፣ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን ራሱ ያሰረ የሚመስል ቋጠሮ ተቀምጧል።

«ወንድም ጋሼ!»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ፤ የተላጠውን ሲያይ መጥረጉን አቆመ።

«ትናንት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው» አለ። «ተቆጣጣሪው ዓይን ዓይኔን እያየ ማን ሰፋው ካለኝ መዋሸት አልችልም፣ ታውቂኛለሽ። ቢያንስ አንድ ልስፋ አልኩ። አንድም ቢሆን መስፋት ነው።»

መርፌ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጡባት። ሐቀኛ ሰው መዋሸት ሲያምረው እንዲህ ነው፤ ውሸቱን እውነት ለማድረግ ደህናውን ቋጠሮ ቆርጦ የጫማ ማሰሪያ ያስራል። ዋሾ ቢሆን ኖሮ ዋሽቶ ይተኛ ነበር፣ አክስትም ጤናዋን ታድር ነበር።

«ይቺ አንዲት ቋጠሮ...» ብሎ ጀመረ።

«ንፋሱ የሚፈልገው እኮ አንዲት ነው!» አለችው። «የላላችውን ያገኛል፣ በእሷ ገብቶ ጨርቁን ይነፋዋል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ይጎትታል። አንተ ደግሞ እላዩ ላይ ልትቀመጥበት ነበር። እዚያ ላይ ሆነህ ቢተረተርስ? እኔ የሰፋሁት መስሎኝ ዕድሜ ልኬን ገደልኩት ብዬ ልኑር?» በሕይወቷ ወንድሟን እንዲህ ተናግራው አታውቅም። እሱም ቆሞ ጫማውን አየ፣ ጫማው ላይም ያው ቋጠሮ ነበር።

የመኪና ድምፅ ሰሙ። ካፒቴኑ ተቆጣጣሪውን ይዞ ደረሰ። ካፒቴኑ ከአባታቸው ጋር እርሻ ውስጥ ያረፈው ያው ሽማግሌ ነው፤ ፊቱን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሙሽራ መስሏል። ተቆጣጣሪው ጉንፋን ድምፁን የዘጋበት፣ ቶሎ ቤቱ ገብቶ መተኛት የሚፈልግ ሰው ነው። ካፒቴኑ የተላጠውን ጥብጣብ ከሩቅ አይቶ ቀድሞ መጣና ለመርፌ በጆሮዋ፣ «መልሰሽ ለጥፊው የኔ ልጅ» አላት። «አሁን ንፋስ የለም፣ አንዴ ዞሬ አሳርፋታለሁ። ዛሬ ካለፈ ሰውየው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፣ እስከዚያ ይሰቅሏታል። አባትሽ ቢኖር...»

ንግግሩን እዚያ ላይ አቆመ፤ አባቷ ቢኖር ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቁታል። መርፌ ምሰሶውንና አራቱን ብሎኖች አሰበች። ጥብጣቡን መልሶ መለጠፍ ቀላል ሥራ ነው። ቀና ብላ ካፒቴኑን አልፋ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ከማየትዎ በፊት የማሳይዎት ነገር አለ» አለችው ተቆጣጣሪውን።

ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ያቺን የጫማ ቋጠሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ሊያስነጥሰው መጥቶ ተወው። «ይህን ማን ነው ያሰረው?» አለ።

«እኔ» አለ ወንድሟ።

«ሌላውንስ?»

ወንድሟ እህቱን አየ። «እሷ ናት» አለ። «ሙሉውን እሷ ናት። እኔ ቁልፍ መስፋትም አልችልም።»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ በተዘጋ ድምፁ። «ሌላው ስፌት ግን ንጹሕ ነው። ሻይ ካለ ሻይ እጠጣለሁ። ይህችን ደግማችሁ ስፉና ቀለሙ ደርቆ ስታሳዩኝ አያለሁ፤ ፀሐይ ከዘቀዘቀች ግን እሄዳለሁ።»

መርፌ ሲባጎውን በሰም አሸችና ረጅሙን መርፌ አነሳች። ይህ ስፌት ከአንድ ወገን ተወግቶ በሌላው ወገን ይወጣል፣ ከዚያ ወገን ደግሞ የሚመልስ እጅ ይፈልጋል። አባቷ በሕይወት ሳለ እሱ ከዚያ እሷ ከዚህ ሆነው መርፌ ይላላኩ ነበር፤ ዘንድሮ ብቻዋን ስለሠራችው እየወጋች፣ እየዞረች፣ እየመለሰች ነው የጨረሰችው። አሁን ወንድሟ ሳይጠየቅ ዞሮ ከጅራቱ ማዶ ቆመ። ፊቱ አይታያትም፤ የምታየው ከጨርቁ ውስጥ ብቅ የሚለውን የመርፌ ጫፍ ነው። ላከችው፣ መለሰው። ፊት ለፊት ለዓመታት ያልተነጋገሩት ሰዎች በጨርቅ ማዶ ሲሆኑ አንደበታቸው ተፈታ። እህትህን አታሳፍር ብላ እናቱ እንዳስማለችው ነገራት፤ እጁን ይዛ፣ የአባቱ ፎቶ ፊት። እሱ ራሱም በተሳፈረ ቁጥር ቀበቶውን አስሮ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ጉልበቱ እንደሚከዳው ነገራት። ይህንን አንድም ሰው አያውቅም ነበር። መርፌ ክሩን ሳበች፣ ቋጠረች፣ ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው፣ ትርፉን ቆረጠች።

አዲስ ጥብጣብ ለጠፉ፣ ቀለሙን ቀቡ፣ የአክስትን ጅራት ገፍተው ወደ ፀሐይ አዞሩ። ከዚያ መጠበቅ ነበር። ወንድሟ በካርቶን ሊያራግብ ሲቃጣ «አቧራ ታለጥፍበታለህ፣ ተወው» ብላ ከለከለችው፤ ሄዶ የሃንጋሩን በር ደፍ ውሃ ረጨ። ካፒቴኑ ሜዳው ዳር የተሰቀለውን የንፋስ ማሳያ ጨርቅ እያየ ይመላለሳል፤ ጨርቁ ጠዋት እንደ ሞተ ተንጠልጥሎ ነበር፣ አሁን አንዳንዴ ጫፉን ማንሳት ጀምሯል። ተቆጣጣሪው ሁለተኛውን ሻይ ጠጥቶ ወንበር ላይ አንቀላፋ። መርፌ ከጅራቱ አልራቀችም። ሽታው ሲሳሳ፣ ጨርቁ ሲሳብ፣ እየዳሰሰች ተከታተለችው። ፀሐይዋ የቆርቆሮውን ጫፍ ስትነካ ተቆጣጣሪውን ቀሰቀሰችው። ሰውየው መጥቶ በጣቱ አንጓ ጅራቱን አንኳኳ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጠ። የመጨረሻዋን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ተጫናት፤ አልሰመጠችም።

«ትብረርና ልይ» አለ። «ጅራቷን የሚያይ ሰው ከኋላ ይቀመጥ።»

የአባታቸው የቆዳ ቆብ ወንድሟ እጅ ላይ ነበር። ቆቡን ያዘው እንጂ አላጠለቀውም። «ለእማዬ ምያለሁ እኮ» አላት።

«አባባ ያሰረ ይሳፈር ነው ያለው፣ የማለ ይሳፈር አላለም» አለች መርፌ። «ያንተን ቋጠሮ ቆርጬዋለሁ፤ እዚያ ጅራት ላይ አሁን ያንተ የሆነ ነገር የለም። እኔ በሰፋሁት ላይ ሌላ ሰው አላስቀምጥም፣ አንተን ደግሞ ጭራሽ።»

ወንድሟ ቆቡን አየው፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ራሷ ላይ አጠለቀላትና ማሰሪያውን ሊያስርላት አገጯ ሥር እጁን ሰደደ። ትዝ ሲለው እጁን መለሰ። «አንቺው እሰሪው» አለ። ካፒቴኑ ሳቀ።

ሞተሩ ተነሳ፣ ሜዳው ከሥራቸው ተንገጫገጨ፣ ከዚያ መንገጫገጩ በድንገት ቆመ። መርፌ እንደ ወንድሟ ፈርታለች። አንገቷን ግን ወደ ኋላ አዙራ ጅራቱን ታያለች። ካፒቴኑ ወደ ግራ ሲያጎነብሳት ጅራቱን፣ ወደ ቀኝ ሲያጎነብሳት ጅራቱን። ከሥሯ ከተማው ሁሉ ተዘርግቷል፣ አላየችውም። «ምሰሶውን አየሽው? ከላይ ሲያዩት ክብሪት ነው» አላት ካፒቴኑ በጆሮ ማዳመጫው። አላየችውም። የመጨረሻው ጎድን ላይ ያለው ጥብጣብ በንፋሱ ውስጥ ፀጥ ብሎ ተኝቷል። «ጅራቷ እንዴት ናት?» ሲላት «አልተነቃነቀችም» አለች። ይህን ስትል ነው ያለቀሰችው፤ እንባዋን ንፋሱ ወደ ጆሮዋ ወሰደው። አርፈው ሲወርዱ ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ዞሮ አያት፣ ፈቃዱን በካፒቴኑ እጅ ሰጠ፣ አስነጠሰና መኪናው ውስጥ ገባ።

ቤት ሲደርሱ እናታቸው ያቺ የምታነክስ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ የታጠበ አንሶላ ታጥፋለች። ቀና ብላ አላየቻቸውም። መርፌ በሩ ላይ ቆማ የምትለውን ስታሰላስል እናቷ ቀደመቻት።

«ወንድምሽ ሞተሩ ሲነሳ ደውሎ ነግሮኛል፤ መዋሸት መች ይችላል» አለች። አንሶላውን አንዴ አጠፈች። «ለመሆኑ ቤታችንን ከላይ አየሽው?»

«አላየሁም እማዬ። ጅራቷን ነበር የማየው።»

«ይህን አንሶላ ይዤ ልብስ ማስጫው ጋ ሳውለበልብ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አበደች ብሏል» አለች እናቷ። «አባትሽም አንድ ቀን አይቶኝ አያውቅም። ሁሌ ጅራት፣ ሁሌ ጅራት። እኔ ግን አየሁሽ፤ ያቺ ትንሽ ጭንቅላት አንቺ ነሽ።» አንሶላውን ጨርሳ አስቀመጠችው። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ስለ ዳቦ እንደምታወራ ሁሉ፣ «አክስታችሁስ እንዴት ዋለች?» አለች።

እህትና ወንድም ተያዩ። እናትየው መልስ አልጠበቀችም፤ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ የወንድሟን ሱሪ አነሳችና ከቁልፉ፣ ከክሩና ከመርፌው ጋር እቅፉ ላይ ወረወረችለት።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሰፋ ይልበስ» አለችው።

ወንድሟ መብራቱ ሥር ተቀምጦ ክሩን በምላሱ እያሾለ ብዙ ታገለ፤ በመጨረሻ አስገባው፣ ቁልፉን ወጋ፣ መለሰ፣ ወጋ፣ መለሰ፣ ቋጠረ። ኩራት እየተሰማው ሱሪውን ለእህቱ ዘረጋላት። መርፌ ዓይኗን ጨፍና ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። ጆሮው ሁለት ነው። ፈታችበትና ሱሪውን መለሰችለት።

«እንደገና» አለችው።